መዝገቡ ለመኪናው ካሜራ ያስገጠመበት ምክንያት

የመጀመሪያውን ጭረት ያየው እሑድ ጠዋት መኪናዋን ሲያጥብ ነው። ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል፣ ከመብራቱ በታች፣ ስንዝር የምታህል ቀይ መስመር ባምፐሯ ላይ ተጋድማለች። መኪናዋ ነጭ ናት። በእርጥብ ጨርቅ አሸት አሸት አደረገው፤ አልለቅ አለ። በጥፍሩ ፋቀው። ቀለም ነው፤ ያውም የሌላ ነገር ቀለም። ባልዲውን አስቀምጦ ቁጢጥ አለና "ምን ነክቼ ነው?" ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሰኞን አሰበ፣ ማክሰኞን አሰበ፤ ሳምንቱን በሙሉ ከቤት እስከ ሥራ፣ ከሥራ እስከ ቤት በሐሳቡ ነዳው። የነካው ነገር የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን "አንዱ ዕውር ገጭቶኝ ሄዷል" ብሎ ተራግሞ ይተወው ነበር። መዝገቡ ግን አልቻለም።

መዝገቡ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቶ ያገኘው ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት፣ በሽተኛ ቁጥሩ ጠፍቶበት ሲመጣ፣ ሌሎቹ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲንከራተቱ እሱ የሰውየውን ፊት አየት አድርጎ "በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች" ይል ነበር። ኮምፒውተሩ ከመጣም በኋላ መስመር ሲቋረጥ ሐኪሞቹ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። አንዲት ሴት ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ብትመለስ "ያን ጊዜ ክንድሽ ተሰብሮ ነበር፤ ዳነልሽ?" ይላታል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አንዲት ቀይ መስመር ከየት እንደመጣች ማስታወስ ያቃተው።

ታላቅ ወንድሙንም መርሳቱ የጀመረው በመኪና ነበር። ወንድም ጋሼ ቀያሽ ነው፤ የዕድሜውን ግማሽ በሜዳና በገደል መሣሪያ ተሸክሞ መሬት ሲለካ ኖሯል። ስድሳ ሊሞላው ሲል አንድ ቀን የመኪናው የጎን መስታወት ተገንጥሎ፣ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ቤት ገባ። "ምን ነካው?" ሲሉት "ምኑን?" አለ። ቤተሰቡ ሳቀ። መዝገቡም አብሮ ስቋል፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ከዚያ ቁልፍ ጠፋ፣ ከዚያ መንገድ ጠፋ፣ ከዚያ የልጆቹ ስም። አሁን ወንድም ጋሼ ሴት ልጁ ቤት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። መዝገቡ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሃምሳ ዘጠኝ ይሞላዋል።

"ምንድነው እዚያ ተተክለህ የቀረኸው?" አለች ሚስቱ ከበረንዳው። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ማን ማንን እንደቆነጠጠ የምታውቅ ዓይነት።

"ጎማ እያየሁ ነው።"

"ከኋላም ሁለት አሉ። ስትጨርስ ዙርና እያቸው።"

ቀዩን መስመር በቤንዚን አጠፋው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ መጣ። እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ይሄኛው ሰፋ ያለ፣ ሥሩም ሰርጎድ ያለ። አንዴ ሲሆን ሰው ገጨኝ ይባላል፤ ሁለቴ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለም? ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ቀይ ነገር ሁሉ ያስደነግጠው ጀመር። ቀይ ብስክሌት ሲያይ እግሩ ፍሬን ላይ ይሄዳል። ካርድ ክፍል ደግሞ የባሰ ነው። መኪና የገጨው ሰው ድንገተኛ ክፍል ገባ በተባለ ቁጥር፣ ካርዱን ሲያወጣ ከሰውየው ስም በፊት አደጋው የደረሰበትን ቦታና ሰዓት ያነባል። እኔ በዚህ ሰዓት የት ነበርኩ? ብሎ እጁ ላይ ያለውን ካርድ እንደያዘ ይቆማል። ለሚስቱ አልነገራትም። የነገራት እንደሆነ ነገሩ እውነት የሚሆን መሰለው።

የካሜራውን ሐሳብ ያመጣለት ካርድ ሊያወጣ የመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። አንገቱ ላይ ድጋፍ ታስሮለት፣ በመስኮቱ ጎንበስ ማለት አቅቶት፣ ቆሞ እየጮኸ ያወራል። "ዕድሜ ለካሜራዬ! እሷ ባትኖር ጥፋተኛው አንተ ነህ ተብዬ ነበር። ሰው ይዋሻል ጋሼ፣ ሰው ይረሳል፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ መጻፍ ነው።"

"የትኛው ካሜራ?"

"መስታወት ላይ የሚለጠፈው ነዋ! እርስዎ መኪና የለዎትም?"

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ባለሱቅ የመስታወት ሳጥኑን ከፍታ አምስት ስድስት ካሜራ ደረደረችለት።

"ለምን ፈልገውት ነው ጋሼ?"

"ለ... ለሌባ።" ውሸቱ ሳያስበው ነው የወጣው።

"እንግዲያው ባለ ሁለት ዐይኑን ይውሰዱ። አንዱ መንገዱን ያያል፣ አንዱ ውስጡን።"

መዝገቡ ውስጡን የሚያየውን ዐይን አየው። መሪ ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ የት እንዳለ የጠፋበት የራሱ ፊት ታየው። "ውስጡ ይቅርብኝ" አለ።

"ባለቤትዎ እንዳያዩብዎት ነው?"

"ባለቤቴ ሳታይም ታውቃለች።"

ሴትዮዋ ሳቀችና ሥራዋን ቀጠለች። መኪናዋ የምትውለው ጥላ ነው ፀሐይ? ፀሐይ። እንግዲያው ይቺኛዋን ይተዋት፤ ባትሪ አላት፣ ሙቀት ሲበዛ ባትሪው ያብጣል። ይቺኛዋ ባትሪ የላትም፤ ፀሐይ ትችላለች። ትልቅ ስክሪን ምን ያደርግልዎታል፤ መንገዱ ፊትዎ አይደል እንዴ ያለው? ትንሽ ይሁንና ከመስታወቱ ኋላ ይደበቅ። "በሚሞሪው ላይ ግን እንዳይስቱ" አለች፤ "ርካሹ በወሩ ይሞታል። ጥሩው ሲሞላ ከመጀመሪያው እያጠፋ ይጽፋል።"

"ያጠፋል?"

"የቆየውን ነዋ። አዲሱ የት ይግባ?"

መዝገቡ ወንድም ጋሼን አሰበ። የእሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት የለካው ኮረብታ ከነከፍታው አለ፣ ዛሬ ጠዋት የበላው ግን አይጻፍም። "ይሁን" አለ፤ "ይቺን ስጪኝ።"

የሚገጥመው ሰው ከሱቁ ጀርባ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቀጭን ስለሆነ ሽቦ ይሉታል፤ ራሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። መጀመሪያ መስታወቱን በአልኮል ጠረገ፣ ካሜራዋን ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ ለካት፣ መዝገቡን ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ "መንገዱን ጋረደብዎት?" ብሎ ጠየቀ። አልጋረደም። ለጠፋትና አውራ ጣቱን እንደ ማኅተም ተጭኖባት ቆየ።

"እንግዲህ መብራቱን ከየት ላምጣ? ሲጋራ መለኮሻው ላይ ልሰካው ወይስ ከፊውዝ?"

"ልዩነቱ ምንድነው?"

"መለኮሻው ላይ ከሆነ ሞተር ሲጠፋ እሷም ትተኛለች። ከፊውዝ ከሆነ መኪናዋ ቆማም አንድ ዐይኗን ከፍታ ነው፤ የነካት ሰው ካለ ትነቃለች።"

"መለኮሻው ይበቃኛል። እኔ የምፈልገው ስነዳ ብቻ ነው።"

ሽቦ ቀና ብሎ አየው። "ለሌባ ነው ብለዋል አለችኝ እኮ ባለሱቋ። ሌባው ሲነዱ ነው እንዴ የሚመጣብዎት?"

መዝገቡ አንድ ጊዜ የተናገረውን ውሸት ከመመለስ ተጨማሪ ሽቦ ማስዘርጋት ቀለለው። "እሺ፣ ከፊውዝ አድርገው። ባትሪዬን ግን እንዳትጨርስብኝ።"

"ኃይሉ ሲወርድ ራሷ ትዘጋለች። እኔ የገጠምኩት ባትሪ ጨርሶ አያውቅም፤ ባትሪ የሚጨርሰው አጎቴ የገጠመው ነው።" ገመዱን በጣራው ጨርቅ ሥር እየገፋ ወሰደው፣ በበሩ ዳር ባለው ምሰሶ አወረደው፣ ከመሪው ሥር ተጣጥፎ ገብቶ ፊውዞቹ መካከል አገናኘው። ሲጨርስ አንዲት ጫፍ እንኳ አትታይም። ካሜራዋ አንዲት ቀይ ነጥብ አበራች።

ያን ቀን ማታ ግቢው ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ስልኩን ከካሜራዋ ጋር አገናኝቶ የመጀመሪያውን ጉዞ ከፈተ። ጭጋግ ነው። መኪናው፣ ሰው፣ መብራቱ ሁሉ ወተት ውስጥ የገባ ይመስላል። "በቃ፣ ዐይኔም ሄዷል" አለ። ጥቂት ቆይቶ ቀና ሲል ካሜራዋ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተለጥፎ አየ። ፋብሪካው የሸፈናት እንደሆነች ናት። ሽቦም ሊያነሣላት ረስቷል። ሽቦ መርሳቱ እንዴት እንዳስደሰተው!

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የራሱን አነዳድ ያያል። የሠራውን ሥራ እንደሚያርም ተማሪ አንድ በአንድ ነው የሚያየው። ቀይ መብራት ላይ ቆሟል። እግረኛ አሳልፏል። አንዲት እናት ሁለት ልጅ ይዛ ስትሻገር ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋ ዝም ብሎ ጠብቋታል። "ይህ ሰውዬ ጥሩ ነው የሚነዳው" አለ በልቡ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ሐሙስ ዕለት ግን ያላሰበውን አየ። ወደ ወንድም ጋሼ የሚያስገባው ቅያስ ጋ መኪናዋ ዝግ አለች፣ ፍሬቻ በራ፣ ጠፋ፣ ቀጥታ አለፈች። ለሚስቱ በስልክ "መንገዱ ተዘጋግቶ መግባት አቃተኝ" ብሏት ነበር። ካሜራዋ ያሳየችው መንገድ ባዶ ነው። አንድ ድመት ብቻ ትሻገራለች። ወንድሙን ካየ ሦስት ወር አልፎታል። እዚያ መስኮት አጠገብ የሚያየው ወንድሙን ብቻ ስላልነበረ ነው።

"ከመኪናው ጋር ተጣላችሁ ወይስ ታረቃችሁ?" አለችው ሚስቱ ሲገባ። "ሰሞኑን አትለያዩም።"

"ሬዲዮ እየሰማሁ ነው።"

"ሬዲዮው ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ።"

ዓርብ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ ከመነሳቱ በፊት ባምፐሯን በእጁ ዳሰሳት። ንጹሕ ናት። ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ ሲያያት ቀይ ነበረባት። አዲስ፣ እርጥብ የሚመስል ቀይ። የጠዋቱን መንገድ እንደገና አሰበ፤ አንድም ነገር የለም። መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ፣ እንደ ተማሪ ሹፌር ቀስ እያለ ቤቱ ደረሰ። የካሜራዋን ምስል ብቻውን ሊያየው አልደፈረም።

"ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ" አላት ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

"ሌላ ሴት ካለች መጀመሪያ ራት እንብላ።"

አልሳቀም። አይታው መነጽሯን አወለቀች። ሁሉንም ነገራት፤ የመጀመሪያውን መስመር፣ ሁለተኛውን፣ የሚያነበውን የአደጋ ሰዓት፣ ካሜራዋን፣ ሰው ገጭቼ ረስቼው ይሆናል ብሎ የሚያድረውን ሌሊት፣ የጎን መስታወቱ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣውን ወንድሙን።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "እና ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ተሸክመኸው?"

"እንደ ወንድም ጋሼ ከሆንኩስ?"

"ከሆንክ እኔ አለሁ፤ የት እሄዳለሁ? ግን ሳትሠራ መልሱን አትጻፍብኝ። ሚሞሪውን አምጣ።"

ኮምፒውተሯ ላይ ከተቱት። የጠዋቱ ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየ፤ መኪናዋ አንድ ቅጠል እንኳ አልነካችም። የሆስፒታሉ ጓሮ ደረሰች፣ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ አድርጋ ቆመች፣ ሞተሩ ጠፋ። የምስሉ ማለቂያ ነው። "ይኸው" አለች ሚስቱ፤ "ምንም የለም።" ከዚያ ሥር ግን ሌላ ፋይል አለ፤ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከሃያ። በዚያ ሰዓት መዝገቡ ካርድ ክፍል ነበር፤ መስመር ተቋርጦ፣ መስኮቱ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎበት።

ከፈተችው። ግንብ ነው። ግንቡ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መራቅ ጀመረ።

"ሄደች!" አለ መዝገቡ ከወንበሩ ተነሥቶ። "ሰው የለባትም እኮ!"

በዚያው ቅጽበት ከኮፈኑ ፊት አንድ ባርኔጣ ብቅ አለ። ከባርኔጣው ሥር ግፊያ ያቀላው ፊት አለ፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው። ከጎኑ ሌላ ዘበኛ፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የአትክልተኛው መላጣ። "አንድ፣ ሁለት፣ በል! አንድ፣ ሁለት፣ በል!" የሚል ድምፅ በመስታወቱ አልፎ ይሰማል። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ቆመች፤ የኦክስጅን ጠርሙስ የጫነ ትልቅ መኪና በፊቷ ታጥፎ አለፈ። ዘበኛው ላቡን ጠረገ፣ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ጥርሱን አሳየና በጥፍሩ አንድ ነገር ጎረጎረ። ካሜራዋ ላይ አፍጥጦ ነው።

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ሦስቱም ወደ ኋላዋ ዞሩ። ግንቡ መቅረብ ጀመረ። "ቀስ! ቀስ በሉ! በቃ! በቃ እኮ አልኩ!" ከዚያ ጓ! ምስሉ ዘለለ። ግንቡ ሥር ካለው ቁጥቋጦ መሐል የእሳት አደጋው ውኃ ቧንቧ አናት ሲወዛወዝ ታየ። ቀይ ቧንቧ።

ቧንቧው መወዛወዙን አቆመ።

"ነካ?" አለ አንዱ።

"ኧረ አልነካም።"

"ባለፈውም አልነካም ብለህ ነበር። የመዝገቡ እኮ ናት! ሰውየው ካየ አይረሳም።"

"እንግዲያው እንዳያይ ጸልይ።"

ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ። እሱም ሊስቅ ጀመረና መሐል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት። እጇን ዘርግታ አንገቱን ያዘችው። ያን ምስል ራት ሳይበሉ አራት ጊዜ አዩት፤ አምስተኛውን እሷ ጥርስ የሚጎረጉረውን ክፍል ብቻ ለይታ አየችው።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛውን በር ላይ አገኘው። ተቆጥቶ ሊናገረው አስቦ ነበር፤ ሲያየው ግን ጥርሱ ትዝ ብሎት ከንፈሩን ነከሰ።

"ለመሆኑ የኔን መኪና የምትገፏት ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። "ጋሼ... ሦስት ወር ይሆናል። የኦክስጅኑ መኪና በትልቅ ከተለወጠ ወዲህ አልታጠፍ አለ። ደግሞ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ፍሪ ትተዋት የሚሄዱት? ሌላው ሁሉ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ቆልፎ ነው የሚሄደው። እሺ የምትል የእርስዎ ብቻ ናት። 'እኚህ ሰው እንዴት አሳቢ ናቸው' እንላለን፣ ይሙቱ!"

መዝገቡ በቆመበት ቀረ። እውነት ነው። ሥራ በጀመረበት ዘመን ይህ ጓሮ የጠበበ ነበር፤ መኪና በመኪና ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም፣ ዋናው ሐኪም ሳይቀር፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ይሄዳል፤ መውጣት የፈለገ ገፋ አድርጎ ይወጣል። ጓሮው ከሰፋ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። የዚያን ጊዜ ሰዎች ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ግማሾቹ የሉም። ልማዱም አብሯቸው ሄዷል። የእሱ እጅ ግን በየጠዋቱ፣ ራሱ ሳያውቅ፣ የእነዚያን ሰዎች መውጫ እያዘጋጀ ኖሯል።

"ቀለሙ ግን አዲስ ነው" አለ በመጨረሻ። "ቧንቧው ያረጀ አይደል?"

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። "መኪናዎ በነካችው ቁጥር ነጭ ቀለም ትተውበታለች ጋሼ። እንዳይታወቅብን አትክልተኛው ይቀባዋል። ዓርብ ዕለት ሳይደርቅ ነው የመታነው።"

መዝገቡ በዚህ ጊዜ ሳቁን ሊይዘው አልቻለም። በር ላይ የቆሙት አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩት።

"አደራ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ፍሬን ስበው እንዳይሄዱብን፤ ኦክስጅኑ ውጭ ይቀራል።"

"አልስብም። ቧንቧው ላይ ግን አሮጌ ጎማ እሰሩበት።"

ያን ቀን ማታ ቅያሱ ጋ ሲደርስ ፍሬቻ አበራና ታጠፈ። የወንድሙ ልጅ በሩን ከፍታ "አጎቴ! ምነው ጠፋህ?" ስትለው መንገድ ተዘጋ አላላትም። "ፈርቼ ነው" አለ። እሷም ምን እንደፈራ አልጠየቀችውም፤ አቅፋ ሳመችው።

ወንድም ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ነው። ቀና ብሎ አየውና ፊቱ በራ፤ ያወቀው ግን ወንድሙን አልነበረም፤ ያኔ ወደ ሜዳ ሥራ ያመላልሰው የነበረውን ሹፌር ነው። "መኪናው መጣ?" አለ። "ዛሬ ደግሞ አርፍደሃል።"

ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ይህን ሰምቶ ቶሎ ተሰናብቶ ይወጣ ነበር። አሁን ያዘነው ስለ ወንድሙ ነው፣ ስለ ራሱ አይደለም። ነገ ወይም ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚመጣ ካሜራዋም አታውቅም። ዛሬ ግን ጭንቅላቱ የራሱ ነው፤ ጉልበቱም አለ፤ ወንድሙም እዚህ አለ።

"መጥቷል ጌታዬ። ይነሡ፣ እንሂድ።"

ወንድም ጋሼን ደግፎ አወጣው፣ የፊቱ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ቀበቶውን አሰረለት። ከመንደሩ ወጥተው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን ማጥናት ጀመረ። እጁን አግድም ዘርግቶ መዳፉን አዘነበለው።

"ቀስ በል" አለ። "ከዚህ ጀምሮ መሬቱ ይወርዳል፤ በዐይን አይታወቅም።"

መዝገቡ ይህን መንገድ ዓመታት ነድቶታል፤ ቁልቁለት መሆኑን አስተውሎ አያውቅም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። መኪናዋ ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ ራሷን ችላ ወደ ታች መንሸራተት ቀጠለች።

"ልክ ነህ፣ ወንድም ጋሼ" አለው።

ወንድሙ ነገሩ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀና መስኮቱን አወረደ።